የማዋለጃ ክፍል ልታሠሩ ካሰባችሁ፦ ከግቢው በር እስከ አራስ አልጋ

በየወረዳው ማዋለጃ ክፍል ለማሠራት ኮሚቴ ይቋቋማል። አንዳንዱን የሆስፒታሉ ቦርድ ይጀምረዋል። አንዳንዱ ደግሞ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ የአገሬው ልጆች ባዋጡት ገንዘብ ይጀመራል። ሐሳቡ የተባረከ ነው። ጣጣው የሚመጣው መጀመሪያ የሚጠራው ሰው መሐንዲሱ ሲሆን ነው። እሱ “ስንት ክፍል ትፈልጋላችሁ?” ብሎ ይጠይቃል። ኮሚቴው በኪሱ ልክ ይመልሳል። ሕንፃው ይቆማል፣ ሪባን ይቆረጣል። ከዚያ አዋላጇ ገብታ ስታየው ማዋለጃው አንድ ጥግ፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ሌላ ጥግ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ደረጃ።

ለምሳሌ የምወስደው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልን ነው። በኢትዮጵያ የጤና አደረጃጀት ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበው ይህ ነው። ጤና ጣቢያ ያልቻለው ምጥ ወደዚህ ይላካል፣ በኦፕራሲዮን ማዋለድም የሚጀምረው እዚህ ነው። ዘዴው አንድ ነው፦ ምጥ የያዛት ሴት ከግቢው በር ገብታ ልጇን ታቅፋ እስክትወጣ የምታልፍበትን መንገድ እግር በእግር መከተል። ግድግዳ የሚሰመረው ከዚያ በኋላ ነው።

1. መጀመሪያ አዋላጆቹን አነጋግሩ

በተለይ የሌሊት ተረኞቹን። የቀኑ ኃላፊ የማያየውን እነሱ ያውቁታል። መብራት ሲጠፋ የት እንደሚደናበሩ፣ ደም ሲፈስ ማን ወዴት እንደሚሮጥ፣ ሦስት ምጥ ባንዴ ሲመጣ ማን መሬት ላይ እንደሚተኛ ይነግሯችኋል።

ቀጥሎ በቅርቡ የወለዱ እናቶችን ጠይቁ። ቤት የወለዱትንም ጭምር። ጠያቂዋ ሴት ብትሆን፣ ባሎችና የቀበሌ ሹሞችም ባይኖሩ ይሻላል። መልሱ ብዙውን ጊዜ ስለ መድኃኒት አይደለም። “ሰው ያየኛል። ይበርዳል። እናቴን አያስገቡልኝም። ተንበርክኬ ልውለድ ስል አልጋ ላይ ውጪ ይሉኛል።” እነዚህን ጻፏቸው። ንድፉ ሲመጣ አንድ በአንድ ታመሳክሩበታላችሁ።

ሦስተኛው ጥያቄ ለጤና ቢሮው ነው፦ ሠራተኛ ይመደባል ወይ? በእንዲህ ዓይነት ሆስፒታል ኦፕራሲዮኑን በብዛት የሚሠሩት ለዚሁ ተብለው በማስተርስ ደረጃ የሠለጠኑ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ናቸው። እነሱና የማደንዘዣ ባለሙያ ካልተመደቡ ያማረው ኦፕራሲዮን ክፍል የካርቶን መጋዘን ይሆናል። በዚያው አጋጣሚ ለሆስፒታሉ እርከን የወጣውን ዝቅተኛ መስፈርት ተቀበሉ። ተቆጣጣሪው ነገ ፈቃድ ለመስጠት ሲመጣ የሚይዘው እሱን ነው።

2. አልጋውን በሒሳብ ቁረጡ

“ሃያ አልጋ ይበቃል” የሚባለው ግምት ከየት እንደሚመጣ አይገባኝም። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ በስልክ ካልኩሌተር ይሠራል።

ሆስፒታሉ 100 ሺህ ሕዝብ ያገለግላል እንበል። ከሺህ ሰው በዓመት 30 ገደማ ልጅ ይወለዳል ብለን ብንይዝ 3,000 ወሊድ ይሆናል። ሁሉም እናንተ ጋ አይመጣም፣ ጤና ጣቢያዎችም ያዋልዳሉ። 1,800ው ይመጣል ብለን እንቀጥል። በቀን አምስት ማለት ነው። ከነዚህ 270ው በኦፕራሲዮን ወልደው ሦስት ቀን ይተኛሉ። 1,530ው በምጥ ወልደው አንድ ቀን ይቆያሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት መቆየትን ይመክራል። ድምሩ 2,340 የአልጋ ቀን ነው። ለ365 ሲካፈል 6.4። አልጋ ሁሌም ሙሉ መሆን ስለሌለበት ለ0.7 አካፍሉት፣ 9.2 ይመጣል። ስለዚህ አሥር የአራስ አልጋ።

የማዋለጃ አልጋ ላይ ግን አማካይ ቁጥር ያታልላል። በቀን አምስት ወሊድ፣ እያንዳንዱ ከጽዳቱ ጋር አራት ሰዓት ቢይዝ 20 ሰዓት ነው። “እንግዲያው አንድ አልጋ በቃን” ትላላችሁ። ምጥ ግን ተራ አይጠብቅም። ሁለት ቀን ጭር ብሎ ይከርምና በሦስተኛው ሌሊት አራቱ አንድ ላይ ይመጣሉ። በዚህ የወሊድ ብዛት ሁለት አልጋ ብቻ ካለ ከሃያው ጊዜ አንዱን ያህል ቦታ ይጠፋል። ሦስት ካለ ግን መጨናነቁ ከመቶው ጊዜ ወደ አንዱ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ሦስት የማዋለጃ አልጋ፣ ለምጥ መጠበቂያ ደግሞ አራት።

ለነገ የሚሆን ቦታም ተዉ። በሀገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2016 እ.ኤ.አ. ከመቶ 26 ነበሩ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. 48 ደረሱ። በሦስት ዓመት ውስጥ! በድሮው ቁጥር የተሠራ ክፍል ኮሪደር ላይ ማስተኛት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ሕንፃውን አንድ ጎኑ ክፍት ሆኖ እንዲቀጠል አድርጋችሁ አስቀምጡት።

3. ቦታ ምረጡ

ምድር ቤት። በዚህ አትደራደሩ። ሊፍት ተስፋ ተደርጎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተሠራ ማዋለጃ መብራት የጠፋ ቀን እናቲቱን በቃሬዛ በደረጃ ያስወጣል።

አምቡላንስ በሩ ድረስ ይጠጋ፣ ከላይም ከዝናብ የሚከልል ጣሪያ ይኑረው። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ መወጣጫው በ12 ሜትር ርዝመት ከ1 ሜትር በላይ አይነሣ። ከዚያ ከበለጠ አንድ ሰው ቃሬዛ መግፋት ያቅተዋል። ኦፕራሲዮን ክፍሉ አስቀድሞ ካለ ማዋለጃውን እሱን አስጠጉት። ከሌለ በአንድ ጣሪያ ሥር ሥሯቸው። ግቢው ውስጥ ባዶ ሆኖ የተገኘውን ቦታ ሁሉ “እዚህ ይሁን” የሚሉ አሉ። ባዶ የሆነው ብዙ ጊዜ ከሁሉም ነገር ስለራቀ ነው።

4. መንገዱን ሳሉ

ወረቀት ላይ ክቦችን ብቻ ሳሉ፦ መቀበያና መለያ (ማን ቶሎ መታየት እንዳለባት የሚለይበት)፣ ምጥ መጠበቂያ፣ ማዋለጃ፣ ኦፕራሲዮን፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል፣ የአራስ ክፍል። የእናቲቱን መንገድ በአንድ ቀለም፣ የንጹሕ ዕቃውን በሌላ፣ የቆሻሻውን በሦስተኛ አስምሩ። ጠያቂ ዘመድ የሚሄድበት መስመር በማዋለጃው በር ፊት ለፊት ካለፈ አስተካክሉ። በደም የራሰ ጨርቅ የሚወጣበት በር ገንፎ ከሚገባበት በር ጋር አንድ ከሆነም እንደገና ሳሉት።

ሁለት ነገር ላይ ብዙ ጊዜ አጥፉ።

አንደኛው መቀበያው ነው። እየደማች ወይም ሰውነቷ እየተንቀጠቀጠ የመጣች ሴት ካርድ ክፍል መሰለፍ የለባትም። ከአምቡላንሱ በር በቀጥታ የሚገባባት ትንሽ የመለያ ክፍል ትኑር። አልጋ፣ ደም ግፊት መለኪያ፣ ኦክስጅንና የእጅ መታጠቢያ ይግቡባት። ካርዱን ዘመድ ያውጣው።

ሁለተኛው የአዋላጆቹ ጠረጴዛ ነው። ሌሊት ሁለት አዋላጅ ብቻ ይኖሩ ይሆናል። ጠረጴዛው ጋ ያለችው ከተቀመጠችበት ሳትነሣ የምጥ መጠበቂያውንም የማዋለጃውንም በር ማየት አለባት። ግማሹን ሕንፃ የምታይበት ቦታ ካልተገኘላት ንድፉ ገና አላለቀም።

5. ማዋለጃው

የተለመደው አሠራር አንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ ሦስት አልጋ ደርድሮ በመጋረጃ መለየት ነው። ርካሽ ነው፣ ለጥበቃም ይመቻል። መጋረጃ ግን ድምፅ አይከልልም። ከዚህ የባሰው ደግሞ አስታማሚን ማስወጣቱ ነው። ያንዷ እናት ገብታ ብትቆም የሌላዋን ልጅ ራቁቷን ታያለች፣ ስለዚህ “ሁሉም ይውጣ” ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዷ ወላድ ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። በአንድ ክፍል በተደረደሩ አልጋዎች ምክሩ ወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ለየብቻ ክፍሏቸው። ገንዘብ ካጠረ ከሰው ቁመት የሚያልፍ የብሎኬት ግድግዳ በመሃል አቁሙና ከፊት መጋረጃ አድርጉ። ቢያንስ እናቷ ወይም እህቷ ከራስጌዋ ቆማ “ማርያም ማርያም” ትላለች።

የአልጋው እግርጌ ወደ በር አይዙር። ይህን ለማስተካከል አንዲት ሳንቲም አይወጣም፣ ግን ስንት ቦታ ተገልብጦ ታየዋለህ! በሩ በተከፈተ ቁጥር ኮሪደሩ ሁሉ ያያል። ከመንገድ በኩል ያለው መስኮትም ከዓይን ከፍ ይበል ወይም መስታወቱ የማያሳይ ይሁን።

ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ መውለድ ለምትፈልግም ቦታ ተዉላት። የሚያስፈልገው የሚታጠብ ፍራሽ፣ ግድግዳው ላይ ወገብ ከፍታ የተተከለ ጠንካራ የብረት መያዣና አዋላጇ ጎንበስ ብላ የምትሠራበት ክፍት ወለል ነው። ሽንት ቤትና ሻወር ከምጥ መጠበቂያው አጠገብ ይሁን። ምጥ የያዛት ሴት ግቢ አቋርጣ ሽንት ቤት አትሂድ።

ለሕፃኑ ሦስት ነገር። ሙቀቱ ቢያንስ 25 ዲግሪ ይሁን። ደብረ ብርሃን ወይም ደባርቅ ላይ ይህ ሌሊት በራሱ አይመጣም፣ ማሞቂያ ይጠይቃል፣ በሩና መስኮቱም ነፋስ እንዳያስገባ ሆኖ መገጠም አለበት። ሰመራና ጋምቤላ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ፊት ለፊት የተያዩ መስኮቶችና ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍ ነው የሚያስፈልገው። የአንዱን አካባቢ ንድፍ ለሌላው መገልበጥ የማይሠራው በዚህ የተነሣ ነው። ሁለተኛ፣ መተንፈስ ያቃተው ሕፃን የሚረዳበት ጠረጴዛ እዚያው ክፍል ውስጥ ይሁን፣ አጠገቡም ሶኬት፣ ኦክስጅንና መብራት ይኑር። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ናት ወሳኟ፣ ኮሪደር ላይ አትለቅም። ሦስተኛ፣ ሰከንድ የሚቆጥር ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ከአልጋውም ከጠረጴዛውም ይታይ።

ለእናቲቱ ደግሞ፣ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ዋነኛው ገዳይ መሆኑን አስቡ። ደም የሚያቆመው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ትንሽ ፍሪጅ ማዋለጃው ውስጥ አስገቡና ከጀነሬተሩ መስመር ጋር አገናኙ። መድኃኒት ቤት ተቆልፎ ያደረ መድኃኒት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አይረዳም።

ወለሉ? መጋጠሚያ የሌለው ቴራዞ ወይም ቪኒል። ሴራሚክ ያምራል፣ ግን በመጋጠሚያው ደም ይቋጥራል፣ ሲረጥብም ያንሸራትታል።

6. ወደ ኦፕራሲዮን የሚወስደው መንገድ

ኦፕራሲዮን እንዲደረግላት ከተወሰነ በኋላ ሕፃኑ በ30 ደቂቃ ውስጥ እንዲወጣ ማድረግ በብዙ አገር የሚሠራበት የድንገተኛ ጊዜ ግብ ነው። ከዚያ ውስጥ ሕንፃው የሚበላው በደቂቃ መቆጠር አለበት። በሮቹ ቢያንስ 1.20 ሜትር፣ ኮሪደሩ 2.40 ሜትር ስፋት ይኑራቸው። እንዲያ ከሆነ አልጋው ከነአጃቢው ያልፋል፣ ሌላ አልጋ ቢመጣም ይተላለፋሉ። መታጠፊያው ላይ አልጋው መዞር መቻሉን ለብቻ አረጋግጡ። ወለሉ ላይ ጉብታ አይኑር። የደም ማስቀመጫ ፍሪጁም በዚሁ መንገድ ላይ ይሁን።

7. ጨቅላዎቹ

የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ ከማዋለጃውና ከኦፕራሲዮኑ ጋር ግድግዳ ይጋራ። ያለጊዜያቸው ለተወለዱት የካንጋሮ እንክብካቤ ክፍል ከጎኑ ጨምሩ። እዚያ እናቲቱ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አድርጋ ሌት ተቀን ስለምትከርም ክፍሉ መኖሪያዋ ነው። ራስጌው ከፍ የሚል አልጋ፣ ደገፍ የሚያስብል ወንበር፣ ሻወርና የልብስ ሳጥን ያስፈልጋታል። ብዙ ንድፍ ውስጥ ይህ ክፍል ተረፈ ቦታ ላይ ይወሸቃል፣ ያሳዝናል። ከማሽኖቹ ሁሉ ርካሹና ብዙ ሕፃን የሚያድነው እሱ ነው።

8. የአራስ ክፍልና አስታማሚዎች

በአልጋዎቹ መካከል ቢያንስ አንድ ሜትር ተዉ። ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ስለሚያድር ለሕፃናት ብቻ የሚሆን መደርደሪያ ክፍል አታሠሩ። በአንድ ክፍል አራት አልጋ ቢሆን ይበቃል።

አሁን ንድፍ አውጪዎች የሚረሱት ሰው፦ አስታማሚ። እዚህ አገር ማንም ብቻውን ሆስፒታል አይተኛም። ቦታ ካልተሰጠው አስታማሚው ራሱ ቦታ ይሠራል። ኮሪደሩ ላይ ጋቢ ይነጠፋል፣ ምግብ በፌስታል መስኮት ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ከአልጋው አጠገብ ወንበር፣ ከሕንፃው ውጭ ደግሞ የሚታደርበት መጠለያ፣ ሽንት ቤትና ገንፎ የሚገነፋበት ማእድ ቤት ሥሩ። ቡናውና ዕጣኑ እዚያው ይሁን፣ ኦክስጅን ካለበት ክፍል እሳት አይጠጋም። “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ለማለት የሚጎርፈው ጠያቂም የሚቀመጥበት በረንዳ ይፈልጋል።

አንዲት ትንሽ ክፍል ለየት አድርጉ። ልጇ ሞቶ የተወለደባት ወይም ጽንስ የወረደባት እናት እዚያ ትተኛ። እልልታ በሚሰማበትና ሕፃን በሚያለቅስበት ክፍል መሃል ማስተኛት ጭካኔ ነው። መውጫዋም በአራስ ክፍሉ በኩል አይሁን።

9. የእናቶች ማቆያ

መንገዱ ሩቅ ከሆነ ይህ ከዋናው ሕንፃ እኩል ይመዝናል። ጉራጌ ውስጥ ያለው አጣጥ ሆስፒታል ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስጊ እርግዝና ያላቸውን ሴቶች ምጥ ከመምጣቱ በፊት ግቢው ውስጥ ሲያስቀምጥ ኖሯል፣ ሌሎችም ከሱ ተምረዋል። የተራዘመ ምጥ ቤት ውስጥ ከቆየ ፊስቱላ (ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣ ጉዳት) ያመጣል። ማቆያው የሚቀድመው ያንን ነው።

የሆስፒታል መልክ አትስጡት። የአካባቢው ቤት ይምሰል፣ ምድጃ ይኑረው፣ ትንሹን ልጇን ይዛ ለምትመጣም ቦታ ይኑር። ከማዋለጃው በእግር የሚደረስበት ርቀት ላይ ይሁን፣ ሌሊት የሚበራ መብራትና የሚደወል ደወልም ይኑረው።

10. ለመውለድ ያልመጡት

ለቤተሰብ ምጣኔ፣ ለማህፀን በር ጫፍ ካንሰር ምርመራና ለሌላ የማህፀን ሕክምና የሚመጡ ሴቶች የራሳቸው መግቢያ ይኑራቸው። የምርመራ ክፍሉ ከውስጥ የሚቆለፍ በርና ልብስ መቀየሪያ ጥግ ይፈልጋል። ጥቃት የደረሰባት ሴት ደግሞ ሐኪም፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ቦታ የምታገኝበት ማዕከል ያስፈልጋታል። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ያለው ምሳሌ ይሆናል። ወረዳ ላይ ያን ያህል ባይቻል እንኳ በሩ ላይ ምንም የማይጻፍበት አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ይቻላል።

11. ውሃ፣ መብራት፣ እንግዴ ልጅ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ወሊድ 100 ሊትር፣ ለአንድ ተኝቶ ታካሚ በቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር ውሃ ያስቀምጣል። አምስት ወሊድ 500 ሊትር፣ አሥር አልጋ 600 ሊትር፣ በጠቅላላው 1,100። የሁለት ቀን መጠባበቂያ 2,200 ይሆናል። አስታማሚውንና ጽዳቱን ስትጨምሩ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ያስተማምናል። ማማው ላይ ስቀሉት፣ ፓምፕ ቢቆምም ውሃው በራሱ ይወርዳል። የእጅ መታጠቢያው በክርን የሚከፈት ቧንቧ ይኑረው።

ጀነሬተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ነዳጁን ማን እንደሚገዛ ወስኑ። ለማዋለጃው መብራት፣ ለፍሪጁና ለሕፃናቱ ማሞቂያ የተለየ መስመር ይዘርጋ። ሶላር ለመብራቱና ለፍሪጁ በቂ ነው፣ ማሞቂያ ግን ባትሪውን ይጨርሰዋል።

የእንግዴ ልጅ ጉድጓዱ የታሸገ ክዳን ይኑረው፣ ከውሃ ጉድጓድም ቢያንስ 50 ሜትር ይራቅ። ወስደው ቤታቸው መቅበር የሚፈልጉ ቤተሰቦች አሉ። የአካባቢውን ልማድ ጠይቁና ለዚያም ሥርዓት አብጁ።

12. በኖራ አስምራችሁ ሞክሩት

ንድፉ ሲያልቅ ሜዳ ላይ በሙሉ መጠኑ በኖራ አስምሩት። አልጋና ቃሬዛ አምጡ። አዋላጆቹ አንዷን ሴት ጭነው ከመለያ ክፍሉ ወደ ማዋለጃው፣ ከማዋለጃው ወደ ኦፕራሲዮኑ ይግፉ። የሚጋጨው ሁሉ እዚያው ይታያል፣ በኖራ ላይ ግድግዳ ማንቀሳቀስ ደግሞ ነፃ ነው። ልምምዱን ሌሊት በባትሪ መብራት ድገሙት።

ግንባታው ሲያልቅ ከርክክብ በፊት ያንኑ ሙከራ በሕንፃው ውስጥ አድርጉ። ዋናውን መብራት አጥፉና ጀነሬተሩ በስንት ሰከንድ እንደሚነሣ ቁጠሩ። ቧንቧዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ክፈቱ። ወለሉ ላይ ባልዲ ውሃ ድፉና ወደየት እንደሚፈስ ተመልከቱ። ከኮሪደሩ ቆማችሁ የማዋለጃው በር ሲከፈት ምን እንደሚታይ እዩ። ያገኛችሁትን ጉድለት በጽሑፍ አድርጉና ተስተካክሎ እስክታዩ የተቋራጩን መያዣ ገንዘብ አትልቀቁ።